ሽቦ ራሱን ሲነቀንቅ

ሰውየው ሙያው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ሽቦ» ነው የሚለው። ለምን ብትሉ፣ ከጆሮው የማዳመጫ ሽቦ ተንጠልጥሎ ያልታየበት ቀን የለማ! የሰፈሩ ሕፃናት ሽቦውን አብሮት የተወለደ፣ አዋላጇ መቁረጥ የረሳችው እትብት ይመስላቸዋል።

ነገሩ የጀመረው ገና ጎረምሳ ሳለ በካሴት ማጫወቻ ነው፤ ያቺ ወገብ ላይ የምትንጠለጠል፣ ጡብ የምታክል። ባትሪ እንዳይበላበት ካሴቱን በእስክሪብቶ እያሽከረከረ ያጠነጥናል። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ፀሐይ ከጠፋች በጥርሱ ነክሶ ነፍስ ይዘራበታል። ዛሬ ሲስቅ ፊት ለፊት የሚታየው ሸራፋ ጥርስ የዚያ ዘመን ሰማዕት ነው።

ቀጥሎ ሲዲ መጣ። የሲዲ ማጫወቻ ደግሞ ቅምጥል ናት፤ ትንሽ ከነቀነቋት ዘፈኑን ትዘላለች። ሽቦ ምን ያድርግ? አረማመዱን ለወጠ። በጭንቅላቱ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ቀስ፣ ለስለስ፣ ዝግ እያለ ይሄድ ጀመር። ሚስቱ ያየችውም ያኔ ነው። «እንዴት ያለ የረጋ ሰው!» ብላ አገባችው። ኋላ ያለ ሲዲ የሚጫወቱት ትንንሾቹ ሲመጡ አረማመዱ ተመልሶ የፍየል ሆነ፤ እሷ ግን አንዴ ፈርማለች።

እነዚያ ሁሉ ማጫወቻዎች፣ የሚሠሩትም የሞቱትም፣ አልጋ ሥር ትልቅ ካርቶን ውስጥ ይኖራሉ። እያንዳንዳቸው ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋላቸው ባለ ገበር ከረጢት አላቸው። አንዷማ ባለ ቁልፍ ካፖርት ነው የለበሰችው። የሽቦ ልጅ የደብተር ቦርሳዋ ዚፕ ከተበላሸ ዓመት ሊሞላው ነው። «አባዬ፣ እኔም ባትሪ ብውጥ ይሰፋልኝ ይሆን?» ትለዋለች። እሱ ራሱን ይነቀንቃል።

ይህን ንቅነቃ ነገር አሁኑኑ እንነጋገርበት፤ ኋላ መዘዝ ያመጣልና። ሽቦ ጆሮው ተደፍኖ ሳለ ሰው ካናገረው ሽቦውን አያወልቅም። ማውለቅ ዘፈን ማቋረጥ ነው፣ ዘፈን ማቋረጥ ደግሞ እሱ ዘንድ ሰው ከመግደል ትንሽ ነው የሚያንሰው። ስለዚህ የሚናገረውን ሰው አፍ ያያል፣ አፉ ሲቆም ራሱን ይነቀንቃል። ለደንበኛ አንዴ አጠር አድርጎ፣ ለሚስቱ ሁለቴ ዓይኑን ጨፈን እያደረገ፣ ለትልቅ ሰው ደግሞ ቅንድቡን አንስቶ በጥልቀት። የሰፈሩን የእግር ኳስ ቡድን ቁምጣ በነፃ ሊሰፋ መስማማቱን ያወቀው ቡድኑ በሙሉ፣ በረኛው ሳይቀር፣ ሊለካ በሩ ላይ ሲሰለፍ ነው።

ሚስቱ ብዙ ታገሠች። ድስት ጥዳ «አደራ፣ እየው» ብላው ሄዳ ስትመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፣ ጎረቤት በሩን ሊሰብር ይደበድባል፣ ሽቦ ድስቱ አጠገብ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል። ያን ቀን ትዕግሥቷ ከድስቱ ጋር አረረ። ወንድሟን አስጠርታ፣ በእሱ ፊት አስማለችው።

«ከእንግዲህ አንድም ማጫወቻ አልገዛም» አለ ሽቦ እጁን አንስቶ።

«ብትገዛስ?» አለች።

«ብገዛ… ካርቶኑ በሙሉ ለቆራሌው ይሰጥ።»

«እኔ ራሴ ቆራሌውን ጠርቼ አስረክባለሁ» አለ ወንድሟ፣ ማኅተም እንደሚመታ ሰው ጠረጴዛውን ጧ አድርጎ።

ይህ ወንድሟ ታናሿ ነው። ገና በዳዴ ሲሄድ ጀምሮ ሌላውን ማዘዝ ስለሚወድ ቤተሰቡ «አለቃ» ይለዋል። የውሃ ክፍያ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው፤ በቅርቡም የእውነት አለቃ፣ የደንበኞች ክፍል ኃላፊ ሊሆን ነው። ትከሻው ላይ ሹመቱ ቀድሞ ደርሷል፣ ጭንቅላቱ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያስብለት እህቱ ናት። ትምህርት ቤት ሳሉ ከክፍሉ መስኮት ሥር ተቀምጣ መልሱን ታንሾካሹክለታለች፣ እሱ ሳያላምጥ ይደግመዋል። አንድ ቀን መምህሩ የዝናብን ምንጭ ሲጠይቁት፣ እህቱ ድንገት «ጎንበስ በል፣ አዩኝ!» አለች። አለቃም ብድግ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «ጎንበስ በል፣ አዩኝ!» አለ። መምህሩ እስከ ዛሬ የዝናብን ምንጭ እየፈለጉ ነው ይባላል።

እንግዲህ መሐላው ሁለት ወር እንደያዘ ነው የሰፈሩ ኤሌክትሮኒክስ ሻጭ ሽቦን ከመንገድ ላይ በጣቱ የጠራው። ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ነገር አወጣ። የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ብርማ፣ ጥግና ጥጓ እንደ ከረሜላ የተላሰ።

«ድምፅ ማጉያዋ ከራሷ ጋር ነው» አለ ሻጩ። «ድምፅ ትቀዳለች። ሰዓት ከሞላህላት ደግሞ ራሷ ትነሳና መጨረሻ የተቀዳውን ታሰማሃለች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ እየጮኸች።»

«አልገዛም። ምያለሁ» አለ ሽቦ፤ እጁ ግን ይዟት ነበር።

«ማን ግዛ አለህ? ሁለት ሱሪ ስፋልኝ።»

ሽቦ አሰበ። መሐላው «አልገዛም» ነው። ስለ መለወጥ የተባለ ነገር የለም። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል አሉ፤ ይኸው ሽቦም ሱሪ ሰጥቶ ትንሿን ተቀበለ። ስም እንኳን ሌላ አላወጣላትም፤ «ትንሿ» ብሎ ቀረ።

የዚያኑ ዕለት ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከቷት ቤት ገባ፣ መቅጃዋን ሊሞክር። ወጥ ቤት ሚስቱ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ልጅቱ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛለች። የሚጻፈው አለቃ በሹመቱ ቀን የሚያነበው ንግግር ነው። ማን ይጻፍለት? ያው መስኮት ሥር የምትቀመጠዋ ናታ! እናትየው በአንድ ወገን ንግግሩን ታስጽፋለች፣ በሌላ ወገን ሽንኩርቱን፣ ልጅቷን፣ ባሏን፣ ወንድሟን ታማርራለች። ልጅቱም የሚጻፈውን እየለየች ትጽፋለች። ሽቦ ኪሱ ውስጥ ትንሿን ተጭኖ፣ እንደ ጨዋ ሰው ሽንኩርት እየላጠ ቆመ። ሚስቱ «ዛሬ ምን ነካህ? ጆሮህ ባዶ ነው» አለችው። ዓይኑን ጨፈን እያደረገ ሁለቴ ነቀነቀ።

በማግሥቱ ሱቁ ሄዶ አዳመጣት። የቢላዋው ኳኳታ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ተቀድቷል። ሊያጠፋው አሰበና አንጀቱ እምቢ አለ፤ የበኩር ልጅን ማን ያጠፋል? ከዚያ ደግሞ ማንቂያዋን ሞላት፣ በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት። ሙዚቃ ከያዘው እንኳን ሻይ ሰዓቱን፣ መብላቱንም ይረሳልና።

ገና ሞልቶ ሳይጨርስ የሚስቱ ጫማ ከውጭ ቀጭ ቀጭ አለ።

ሱቁ ጠባብ ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያ፣ አንድ ጭንቅላት የሌላት የልብስ አሻንጉሊት። አሻንጉሊቷ የአለቃን የሹመት ኮት ለብሳ ቆማለች። ኮቱ አልቋል፤ በግራ ደረቱ በኩል ገበሩ ብቻ የአንድ ጣት ርዝመት ያህል ሳይሰፋ ቀርቷል። ሽቦ ዞር ዞር አለ፣ መሸሸጊያ አጣ፣ ትንሿን በዚያች ቀዳዳ ሸጎጣት።

ሚስቱ ገባች።

«የዚያ ኤሌክትሮኒክስ ሻጭ አዲስ ሱሪ የማን ስፌት ነው?»

«የኔ ሳይሆን አይቀርም።»

«ምን ከፈለህ?»

«አመሰገነኝ።»

«እ… አመሰገነህ» አለች። ከዚያ የቁልፍ ጣሳውን ገለበጠች፣ መሳቢያውን ሳበች፣ የስፌት መኪናውን ሆድ ከፍታ አየች። የሽቦን ኪስ ፈተሸች፤ አሮጌዋ ማጫወቻ ብቻ ተገኘች፣ እሷ ደግሞ ከመሐላው በፊት የነበረች ናት። አጣች። ያጣች ሚስት ግን አትሄድም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«በል የወንድሜን ኮት ጨርስ። ነገ ጠዋት ነው የሚሾመው። ይህች ቀዳዳ ምንድን ናት?»

«እሷማ ነገ በማለዳ…»

«አሁን። እያየሁህ።»

ሽቦ መርፌ አነሳ። እናንተዬ፣ ሰው የሚወደውን በገዛ እጁ ሲቀብር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያችን አንድ ጣት የምታህል ቀዳዳ በእያንዳንዱ ስፌት እየቃተተ ሰፋት። ክሩን በጥርሱ ሲቆርጥ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ምን ሆንክ?» አለች ሚስቱ።

«ለወንድምሽ ደስ ብሎኝ ነው።»

እሷም ልቧ ራራ። ክንዱን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችው፣ ሱቁንም በእጇ ቆለፈች። ሽቦ መንገዱን ሙሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ነገ አለቃ ከመምጣቱ በፊት ገበሩን ተርትሮ ማውጣት። ይህን ካላደረገ ካርቶኑ፣ ባለ ካፖርቷ፣ ጥርሱን የሰጠላት ጡቧ፣ ሁሉም በቆራሌው ማዳበሪያ ውስጥ እየተንኳኩ ይሄዳሉ።

በማግሥቱ በማለዳ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሱቁን ከፈተ። መተርተሪያዋን ትንሽ መቀስ ፈልጎ አገኘ። ኮቱ ፊት ቆመ። እዚህ ላይ ነው ከስንፍና ያልመጣ፣ ሌላ ሰው የማይሠራው ስህተት የተሠራው። እንዲህ ያለ ረቂቅ ሥራ ያለ ሙዚቃ እንዴት ይጀመራል? አሮጌዋን ማጫወቻ አውጥቶ ጆሮውን ደፈነ። ዘፈን መረጠ። የመረጠው አላማረውም፣ ሌላ መረጠ። ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ደግሞ መቀሱን ይስል ጀመር።

አለቃ ከኋላው ገባ። አዲስ ጫማ፣ አዲስ ሸሚዝ፣ ቅባት የጠጣ ፀጉር።

«ጋሼ፣ እንደምን አደርክ! አለቀ?»

ሽቦ ትከሻውን የነካውን ሰው ዞሮ አየ። አፉ ሲቆም ጠበቀ። ቅንድቡን አንስቶ በጥልቀት ነቀነቀ።

«ልልበሰው ታዲያ?»

ነቀነቀ።

«እትዬን አዳራሹ ጋ አገኛታለሁ፣ አንተም አትቅር።»

ነቀነቀ። ዘፈኑ ከሚወደው ቦታ ደርሶ ነበርና ዓይኑንም ጨፈነው። ሲከፍተው አሻንጉሊቷ ራቁቷን ቆማለች።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ሽቦ ግን የሚፈታውን መቀስ ይዞ ነው የሮጠው። ያ የሲዲ ዘመን አረማመድ የት አለና! ሽቦው ከኋላው እንደ ጅራት እየተወናጨፈ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ እግሬ አውጪኝ አለ።

አዳራሹ በር ላይ ሚስቱና ልጁ አምረው ቆመዋል። አለቃ መሃል ሆኖ ደረቱን ነፍቶ የሰው ሰላምታ ይቀበላል።

«ኮቱ እንዴት ነው?» ትለዋለች እህቱ።

«ይከብዳል» አለ አለቃ በኩራት። «ጥሩ ጨርቅ ይከብዳል።»

ሽቦ ደርሶ ተጠመጠመበት። ሲያቅፈው በግራ ደረቱ በኩል ዳበሰው። አለች፤ ትንሿ እዚያው ናት።

«አውልቀው» አለ ሽቦ እያለከለከ።

«ምን?»

«ክር… ክር ቀርቷል። ደግሞ ይሞቅሃል። ላብ ጨርቅ ይገድላል።»

«ጋሼ፣ ሰው እያየን ነው» አለ አለቃ በጥርሱ መሃል። «ከእነመቀስህ ደረቴ ላይ ምን ትሠራለህ?»

ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። «ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? ና ተቀመጥ!»

ሦስቱም መጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። መድረኩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ፣ ማይክሮፎን፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ። ከመድረኩ በላይ ደግሞ ድስት የሚያክል የግድግዳ ሰዓት። አራት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ዋና ኃላፊው ለረጅም ጊዜ ስለ ውሃ ቆጣሪ ተናገሩና አለቃን ጠሩት። ሽቦ ሰዓቱን እያየ ላቡ በጀርባው ወረደ።

ልጅቱ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «አባዬ፣ ምንድን ነው እንደ በርበሬ የቀላኸው?»

«ኮቱ ውስጥ ናት።»

«ማን?»

«ትንሿ፣ አዲሷ ማጫወቻ። አራት ሰዓት ላይ ትጮኻለች።»

ልጅቱ አባቷን አየች፣ ኮቱን አየች፣ ሰዓቱን አየች። አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ለማዘን ነው እንዳትሉ፤ ሳቋ እንዳያመልጣት ነው።

አለቃ ወረቀቱን ዘረጋ። አስቀድሞ አንዴም አላነበበውም፤ እህቱ የጻፈችው ምን ጊዜም ልክ ነዋ! «የተከበራችሁ…» ብሎ ጀመረ፤ ድምፁ እንደ ሹመቱ ወፍራም ነው። ሁለተኛውን መስመር ገና እንዳጋመሰ ሰዓቱ አራት ሆነ።

በግራ ደረቱ በኩል ቢላዋ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ።

አለቃ ልቡ የተመታ መሰለው። ደረቱን በመዳፉ መታው። ኳኳታው በረታ። አሁንም መታው፣ እሳት እንደያዘው ሰው በሁለት እጁ ተደባደበ፣ ክርኑ ብርጭቆውን አገኘው፣ ውሃው በወረቀቱ ላይ ተደፋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይሄኛው ወረቀት ግን የያዘውን ሁሉ ለቀቀ። ቀለሙ ሰማያዊ ጅረት ሆኖ በመድረኩ ጫፍ ተንጠባጠበ።

አዳራሹ ጭጭ አለ። አለቃ አፉን ከፍቶ ቆመ። በዚያ ጭጭታ መሃል፣ ከኮቱ ውስጥ፣ ያ በልጅነቱ ከመስኮት ሥር የሚመጣው ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ።

«ይህ ኃላፊነት ሲሰጠኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።»

ጡት ከጣለ ጀምሮ ያለ ልማድ ነው፤ አለቃ ሳያላምጥ ደገመው። «ይህ ኃላፊነት ሲሰጠኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም!»

ሕዝቡ ተንፈስ አለ። አንዳንዱ አጨበጨበ። ከኋላ የተቀመጡት የሚሰሙት የአለቃን ድምፅ ብቻ ነው። ከፊት ያሉት ቀጭን የሴት ድምፅ ቀድሞ ሲመጣ ሰምተዋል፤ እነሱም «ይሄ ማይክሮፎን ማሚቶው ይቀድማል» ተባባሉ።

የሽቦ ሚስት ግን ገና ከመጀመሪያው ቃል የገዛ ድምፅዋን አውቃ ደርቃ ቀርታለች። አንገቷን ቀስ ብላ ወደ ባሏ አዞረች። ሽቦ የጫማውን ክር አጥብቆ ያጠና ነበር።

«ኃላፊነቱ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ» አለ ኮቱ።

«ኃላፊነቱ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ!» አለ አለቃ።

«ኧረ ይሄ ሽንኩርት ዓይኔን አነደደኝ።»

«ኧረ ይሄ ሽንኩርት ዓይኔን አነደደኝ!»

አንድ ሰው ከጥግ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። አለቃ ምን እንዳለ የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ከአፍ የወጣ ደግሞ አፋፍ ነው። ሊያቆም ፈለገ። ቢያቆም ምን ይላል? እርጥብ ወረቀት ይዞ ሊቆም ነው?

«ከእናንተ ብዙ የምማረው አለኝ» አለ ኮቱ፤ እሱም ተከተለ። «መማር እንኳን አይወድም፣ ግን ይበል» አለ ኮቱ።

«መማር እንኳን… አልወድም» አለ አለቃ፤ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየተንጠለጠለ። «ግን… ልበል!»

አሁን ሳቁ ከጥግ ወጥቶ መሃሉን ያዘ። ቁጣ አይደለም፤ የወዳጅ ሳቅ ነው። እነዚያ በየሹመቱ ቀን ሲያንቀላፉ የኖሩ ሠራተኞች ቀና ብለው ተቀመጡ። እንዲህ ያለ እውነት የሚናገር አለቃ አይተው አያውቁማ!

«የቢሮዬ በር ለሁላችሁም ክፍት ነው።»

«የቢሮዬ በር ለሁላችሁም ክፍት ነው!»

«በሩን ዝጊው አንቺ ልጅ፣ ነፋስ ገባ።»

«በሩን ዝጊው አንቺ ልጅ፣ ነፋስ ገባ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዋና ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። በሩ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ጸሐፊ ተነስታ በሩን ዘጋችው፤ ለእሷም ተጨበጨበላት። ልጅቱ ወንበሯ ላይ እጥፍ ብላ ጉልበቷን ትነክሳለች። ሽቦ መሳቁን ፈልጎ ነበር፤ ሚስቱ ግን ጭኑን በጥፍሯ ይዛ እየጠመዘዘችው ነው፣ ለያንዳንዱ ቃል አንዳንድ ዙር።

«ኮቱን ወገቡ ላይ ሰፋ አድርግለት እንጂ» አለ ኮቱ፤ አሁንማ እየጮኸ ነው። «ሲለካ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ነበር።»

ይህን አለቃ አልደገመውም። መድገምም አላስፈለገውም፤ የኋላው ረድፍ ሳይቀር ሰምቷል። እሱ ይልቅ ያደረገው ሌላ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ። ሆዱ ወደ ቦታው ተመለሰ። እህቱ ሳትነግረው አስፍታለት ነበርና ቁልፉ አልተበጠሰም።

«በቃ፣ ይሄ ይበቃል» አለ ኮቱ በመጨረሻ። «ከረዘመ ይተኛሉ።»

«በቃ፣ ይሄ ይበቃል» አለ አለቃ። «ከረዘመ ትተኛላችሁ።»

ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ሳያልቅ አለቃ ሦስቱንም ከመድረኩ ጀርባ፣ ወንበሮች የተደራረቡበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰበሰባቸው። ኮቱን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ጣለው፣ እባብ እንደጣለ ሰው ራቅ ብሎ ቆመ።

«ክፈተው!»

ሽቦ ያችን ከማለዳ ጀምሮ የያዛትን መቀስ አወጣ። ገበሩን ተረተረ። ትንሿ ብልጭ ብላ ወጣች።

«እትዬ፣ አየሽ? ማጫወቻ ናት! አዲስ!» አለ አለቃ። «መሐላው በኔ ፊት ነው የተማለው። አሁኑኑ ቆራሌውን…»

ሽቦ ዓይኑን ጨፈነ። ካርቶኑ በመዳፉ ውስጥ ያለ ያህል እያንዳንዷን ከረጢት ዳበሳት። የልጅቱ ሳቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ፤ አባቷ እንዲህ ትንሽ ሆኖ አይታው አታውቅም።

በሩ ተንኳኳና ዋና ኃላፊው አንገታቸውን አስገቡ። «ወንድሜ» አሉት አለቃን፣ «እንዲህ ያለ ቅን ንግግር በዘመኔ አልሰማሁም። ማን ጻፈለት ብለው ይጠይቁኛል። ከሆዱ የወጣ ነው እላቸዋለሁ።» እየሳቁ ወጡ።

አለቃ የሄደውን ሰውና ኮቱን አፈራርቆ አየ። ቅሌቱን ለማንም ቢናገር ሙገሳውም አብሮ ይሄዳል።

«እሺ… ግን የማን ናት?» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

ሽቦ አፉን ከፈተ፤ «የ…» ብሎ ሳይጨርስ ሚስቱ ቀደመችው።

«የኔ ናት።»

«ያንቺ?!» አሉ ሦስቱም።

«የኔ ናታ! ድምፁ የማን ነው? ወረቀት ሲጠፋብህ የምትሆነውን ስለማውቅ መስኮት ሥር እንደምቀመጠው አስቀመጥኳት። አልጠቀመችህም?»

«ጠቅማኛለች» አለ አለቃ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ስለ ሆዴ ግን…»

«ሆድህን እኔ ነኝ የሠራሁልህ፣ በኔ ምግብ። ልበስ ኮትህን፣ እንግዳ ይጠብቅሃል።»

አለቃ ለብሶ ወጣ። ሚስቱ ትንሿን ከጠረጴዛው አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ዚፑን ዘጋች። የእሷ ዚፕ አይበላሽም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሽቦ ከጎኗ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ቀስ ብሎ ይራመዳል።

«መሐላዬ አልፈረሰም ማለት ነው?» አላት።

«አልፈረሰም። አልገዛህም፣ ያንተም አይደለችም።»

«እና… ለኔ አትሰጪኝም?»

«ያንተ ካልሆነች ለምን ልስጥህ?»

ሽቦ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ካርቶኑ ተርፏል፣ ትንሿ ግን ሄደች። ይደሰት ይዘን ሳያውቅ አንድ ዓይኑ ስቆ አንድ ዓይኑ አለቀሰ።

ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ተገለባበጠ። ሚስቱ ሽንኩርት የምትከትፈው የማዳመጫ ሽቦ ከጆሮዋ ተንጠልጥሎ ነው። ለትንሿ ማን ከረጢት እንደሰፋላት አትጠይቁ፤ የሐር ገበር ያለው ነው፣ ሰፊውም እያቃሰተ ነው የሰፋው።

«ድስቱ አረረ» ይላታል ባሏ ከበሩ ላይ።

አፉን ታያለች። ሁለቴ ትነቀንቃለች፣ ዓይኗን ጨፈን እያደረገች።

«አረረ እኮ ነው የምልሽ!»

ትነቀንቃለች።

ሽቦ እሳቱን ሊያጠፋ አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። አንድ ሐሳብ እንደ ሌባ በጓሮ በኩል ገባበት። ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ እጁን በትሕትና አጣምሮ፣ ቃል በቃል ጠየቀ።

«የኔ እመቤት፣ ሌላ አዲስ ማጫወቻ ብገዛ ትፈቅጂልኛለሽ?»

አፉ እስኪቆም ጠበቀች። ነቀነቀች።

«ሰማሽ!» ብሎ ወደ ልጁ ጮኸ። «አንቺ ልጅ፣ ሰምተሻል! ምስክሬ ነሽ!»

ልጅቱ እናቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። የሽቦው አንደኛው ጫፍ እሷ ጆሮ ውስጥ ነው። አባቷን ቀና ብላ አየችው፣ አፉ እስኪቆም ጠበቀች፣ ከዚያም ቅንድቧን አንስታ፣ በጥልቀት፣ ራሷን ነቀነቀች።